ፊታቸውን ያላየሁት ዋስ

ልጄ የምትሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እኔ የማውቀው ሥራ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሱቆች ጫፉ ያልተቋጨ ነጠላ ተሸክሜ እመጣለሁ፣ ደጃፌ ተቀምጬ ዘርፉን እቋጫለሁ፣ ስጨርስ መልሼ አስረክባለሁ። ነጠላ ቢጠፋ መጥፋቱ ይታያል፣ ቢያድፍም እድፉ ይታያል። የልጄ ዕቃ ግን ቁጥር ነው። በስልክ ይመጣል፣ በስልክ ይሄዳል።

እሷ እንዳስረዳችኝ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በዓል ሲደርስ ለሠራተኞቻቸው የሱፐርማርኬት የስጦታ ካርድ ይሰጣሉ። ካርዱ ሲፋቅ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩን ለካሸሯ ሲነግሯት በውስጡ ባለው ብር ልክ ዘይቱንም ስኳሩንም ይዞ መውጣት ነው። ታዲያ ሠራተኛ ሁሉ ዘይት አይፈልግም። የቤት ኪራይ የደረሰበት አለ፣ ልጅ የታመመበት አለ። እንዲህ ያለው ካርዱን ቴሌግራም ላይ ያወጣና ከዋጋው ቀንሶ ይሸጠዋል። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያጣችው ልጄ ትገዛዋለች፣ ትንሽ ጨምራ ለሰፈር ሰው ትሸጣለች፣ ገዢውም ከሱቅ ዋጋ አትርፎ ይገባል።

«ታዲያ ማነው የሚከስረው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ማንም አይከስርም እማ።»

ማንም የማይከስርበት ገበያ አላውቅም። ግን አመንኳት። የተማረችው እሷ ናት፣ እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።

መጀመሪያ ሻጮቹን በአካል ነበር የምታገኛቸው። አዲሱ ገበያ፣ ሰው በሚበዛበት ታክሲ ተራ፣ ካርዱን ተቀብላ ብሩን ትሰጣለች። እስክትመለስ ድረስ እጄ ሥራ አይዝልኝም ነበር። በኋላ አንድ ልጅ መጣ። መጣ ስል በስልክ ማለቴ ነው። ካርድ በብዛት አለኝ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ መንገላታት የለም አላት። ሞከረችው፣ ሠራላት። ደግማ ሞከረችው፣ አሁንም ሠራ። እኔም ታክሲ ተራ መቆሟ ስለቀረ ደስ አለኝ።

ፋሲካ ሲቃረብ ወሬው ማህበራችን ደረሰ። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያምን ጽዋ የምንጠጣ የሰፈር ሴቶች ነን። የሚመሩንን ሴትዮ ሙሴ እንላቸዋለን፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ሴቶቹ የበዓሉን ዘይትና ዱቄት በልጄ ካርድ ሊገዙ ተስማሙና ገንዘብ አዋጡ። ሙሴ ግን አንድ ነገር ጠየቁ።

«ሻጩን ማን ያውቀዋል?»

ልጄ አፏን ሳትከፍት «እኔ ዋስ ነኝ» አልኩ። እኔ እኮ ለልጄ ነው ዋስ የሆንኩት። ሻጩንማ ከየት አውቄው።

ቤት ስንገባ ፍርሃቱ መጣ።

«ያንን ልጅ ዋስ ጥራ በይው» አልኳት።

ልጄ ሳቀች። «እማ፣ ይሄ እኮ ኦንላይን ነው። ዋስ ምናምን የለም። ጥሩ የሸጠ ሰው ጥሩ ኮሜንት ይጻፍለታል፣ በቃ።»

«ኮሜንት የጻፈውንስ ማን ያውቀዋል?»

እሷ ብትስቅም እኔ ያደግኩበት ሥራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ነጠላ ልወስድ የሄድኩ ቀን ነጋዴው ወደ ጎረቤት ሱቅ ዞሮ «ይቺን የሚያውቃት አለ?» አለ። በር ላይ የተቀመጠች አንዲት ፈታይ ቀና ሳትል «እኔን ያዘኝ» አለችው። ይኸው በሷ ቃል እስከ ዛሬ እሠራለሁ። ፈርሚ ያለኝ የለም።

ልጄ ደወለችለት። ድምፁ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው። «ማዘር፣ ልክ ነዎት» አለኝ። «እናቴን ላገናኝዎት። የእናት ቃል ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል» አልኩ። ከዚያ በላይ ምን አለ?

ጥቂት ቆይቶ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ። ጎርነን ያለ ነው፣ የፊት ጥርስ እንደሌለው ሰው ደግሞ ትንሽ ያፏጫል።

«አበባዬ፣ እንዴት ዋልሽ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ፣ ልጅዎ የሰው ገንዘብ አይነካም?»

«የኔ ልጅ? የሰው መርፌ አይነካም። በየወሩ በማርያም ዕለት እንጦጦ ወጥቼ፣ ከጽዱ ሥር ተቀምጬ ስለሱ ነው የምለምናት። እመብርሃን ምስክሬ ናት። ዋሱ እኔ ነኝ አበባዬ፣ እኔን ያዢኝ።»

«እኔን ያዢኝ» ሲሉ ያቺ ፈታይ ትዝ አለችኝ። ልጄን «ብሩን ላኪለት» አልኳት። ላከችለት፣ የካርዶቹም ቁጥር በፎቶ መጣላት።

እኔና ልጄ ሱፐርማርኬት የሄድነው ከሙሴና ከአንዲት ሽንኩርት ከምትሸጥ ጎረቤቴ ጋር ነው። የመጀመሪያው ካርድ ሠራ፣ ዘይቱ አለፈ። ሁለተኛውን ቁጥር ካሸሯ ነካካችና «ይሄ ተጠቅመውበታል» አለች። ቀጣዩም እንደዚያው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው «እናቶች፣ እባካችሁ» ይላል። የሱቁ ሠራተኛ ዱቄቱን ከፊታችን አንስቶ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሙሴ ባዶ ዘንቢላቸውን አጥፈው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወጡ።

ልጄ ስልኳን ስትከፍት ከልጁ ጋር የተጻጻፉት ሁሉ የለም። እኔ እሷ ያጠፋችው መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ፎቶው የለም፣ ቃሉ የለም፣ ብትደውልም አይነሳም። የቀረው ብሩን የላከችበት የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ ያለው የሴት ስም ነው።

«የሴት?» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «ጓደኛሽ ትሆናለቻ። ብሩን ለሁለት በላችሁት።»

የኔ ፍርሃት ከዚያ ሰዓት ይጀምራል። ገንዘቡን ሠርቼ እከፍላለሁ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ያልቃል። ሌባ የሚለው ስም ግን ከሴት ልጅ ላይ በምን ይነሳል? ያ ልጅ በዓለም ላይ መኖሩን የሚያምነን ጠፋ። ሙሴም ቁርጡን ነገሩን። «እስከሚቀጥለው ማርያም እንታገሥ። ሰውዬው ካለ አምጡት። ከሌለ ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ታስረዳ።»

ልጄ ከቤት መውጣት ተወች። እህል ስሰጣት ትነካካና ትተወዋለች። በር በተንኳኳ ቁጥር ወደኔ ታያለች፣ እኔም ወደሷ። ቧንቧ ጋ ወረፋ ስይዝ ጨዋታው ይቆማል። አንዷ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ዘንድሮ ልጅ ማስተማር ጥሩ ነው፣ ቁጭ ብላ በስልክ ታመጣለች» አለች። ሳቁ። እኔም ጀሪካኔን ሞልቼ እስክሄድ መሬት መሬት አየሁ።

እኔ ዘንድ ያለው ምስክር ያ የአሮጊቷ ድምፅ ብቻ ነበር። የማርያም ዕለት ማህበሩ የሚሰበሰበው ከሰዓት ነው። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ እንጦጦ ወጣሁ። ልጄን ይዣት መሄድ ፈልጌ ነበር፣ እንቢ አለችኝ። «ሰው ያየኛል» አለች።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ጽድ ያሉት ደግሞ አንድ ዛፍ መስሎኝ፣ ለካ ጽዱ ብዙ ነው፣ በየሥሩ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ተቀምጠዋል። የአሮጊቷ ይሆናል ብዬ የደረሰኙን ስም ጠራሁ። በየቤቱ ያለ ስም ነው፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻ ስንቷ ቀና አለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። ከዛፍ ዛፍ እየሄድኩ እያንዳንዷን «እንኳን አደረስዎ» እያልኩ መልሷን ማዳመጥ ጀመርኩ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።» አይደሉም። «አሜን ልጄ።» አይደሉም።

አንዲት አሮጊት ጎናቸው ላለችው «ይቺ ሴትዮ ለምርጫ ልትወዳደር ነው እንዴ?» አሏት። «ሁሉን ሰላም አለችው እኮ።»

«እኔን ረስታኛለች፣ አልመርጣትም» አለች ያቺኛዋ።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ቅዳሴ አለቀ፣ ሰው መነሳት ጀመረ። ከቅጥሩ አጠገብ ካለው ጽድ ሥር አንዲት ቀጭን ሴትዮ ጀርባቸውን ሰጥተው መቋሚያቸውን ሲፈልጉ አየሁ። አነሳሁና ሰጠኋቸው።

«ማርያም ታንሳሽ፣ አበባዬ» አሉኝ። ድምፃቸው ትንሽ አፏጨ።

እዚያው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስሰድብ፣ ስጮህ ነበር መንገዱን ሙሉ በልቤ። ያኔ ግን የወጣልኝ «እናቴ፣ በስልክ አውርተን ነበር» የሚል ብቻ ነው።

ፊታቸው በራ። «የአሠሪው እናት! ልጄን ቀጠራችሁት?»

ለካ ልጃቸው እሳቸውን ሥራ ላገኝ ነው፣ የአሠሪዬ እናት ዋስ ትፈልጋለች፣ አናግሪልኝ ብሏቸው ነው። የሆነውን ነገርኳቸው። ካርድ ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ፣ ሁለታችንም አልገባንም። የሰው ገንዘብ ወስዶ ጠፋ፣ ልጄን ሌባ አሏት ስላቸው ግን ገባቸው። ከሻርፓቸው ጫፍ የተቋጠረ ትንሽ ስልክ ፈትተው ደወሉለት። ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ቋጠሩት።

«ስንት ሰዓት ነው የምትሰበሰቡት?» አሉኝ።

«ከሰዓት ነው። ግን እናቴ፣ አያስፈልግም፣ ልጅዎ የት እንዳለ ብቻ…»

«የት እንዳለ አላውቅም። እኔን ያዢኝ ብዬሽ የለ? ያዢኝ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ይዣቸው ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ ትከሻቸው ትከሻዬን ይነካ ነበር። ምን እያደረግኩ ነው እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ የኔን ልጅ ላድን ሌላ እናት እየነዳሁ ነው። ይውረዱ፣ ይመለሱ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም።

ሙሴ ቤት ሴቶቹ ተቀምጠዋል፣ ልጄም ከበሩ ጥግ አንገቷን ደፍታለች። እንግዳዋን አስገባሁና «የሻጩ እናት ናቸው» አልኩ። ሽንኩርት ሻጯ ከሁሉ ቀደመች።

«ከየት ተከራየሽያቸው?»

ማንም አልሳቀም። ሙሴ ቦታ ለቀቁላቸው፣ ውሃ አስመጡላቸው። ከዚያ ጠየቁ። «ዋስ ነኝ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«ለምን እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም። ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

ሙሴ ልጄን ደረሰኙን አንብቢ አሏት። ልጄ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ አነበበች። አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ አስገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አወጡ። ሙሴ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ለሽንኩርት ሻጯም አሳለፉላት። ያው ስም ነው።

«መታወቂያሽን ስጪኝ፣ ባንክም አብረን እንሂድ፣ ደሞዝ የሚገባበት ነው ብሎኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ለራሳቸው እንደሚያስረዱ። «ፈረምኩለት። በጣቴ።»

ሽንኩርት ሻጯ መታወቂያውን መልሳ ላስቲኩን ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «ገንዘባችንስ?» አለች፣ ግን የቅድሙ ድምፅ አልነበረም።

«ገንዘቡን ከዋሶቹ» አሉ ሙሴ። «ልጅቷን ተዉአት።»

ልጄ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ሙሴ ፖሊስ የሚለውን ቃል ደግመው አላነሱትም፣ አንድ ነገር ግን አስረግጠው ነገሩን። «ልጁ ከተገኘ ግን ትነግሩናላችሁ።» ሁለታችንም እሺ አልን።

አሁን አሮጊቷ እኔ ዘንድ እየመጡ ነጠላ ይቋጫሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ከኔ ይፈጥናል። ከበሩ ላይ «አበባዬ» ሲሉ ነው መምጣታቸውን የማውቀው። የቋጨንበት ሂሳብ ለማህበሩ ይገባል፣ ገና አላለቀም። ልጄ ለሳቸው ምሳ ታቀርባለች፣ ዓይናቸውን ግን አታይም። ካርድ መሸጥ ትታለች። ቧንቧ ጋ ያለው ጨዋታም ተመልሷል፣ እኔ ስደርስ አይቆምም።

ባለፈው ተቀምጠን ስንሠራ ስልካቸው ጮኸ። አዩት። የማያውቁት ቁጥር ነው። ነጠላውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አስቀመጡና ስልኩን ለኔ ዘረጉልኝ።

«አንቺ አንሺው፣ አበባዬ። ድምፁን ታውቂዋለሽ።»

ተቀበልኳቸው። ስልኩ እጄ ላይ ይነዝራል። ባነሳውና እሱ ቢሆን ለሙሴ መንገር አለብኝ፣ እሺ ብያለሁ። እሳቸው አያዩኝም ነበር፣ የዘርፉን ክር ነበር የሚያዩት፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ጥሪው ዝም እስኪል ድረስ ሳላነሳው ይዤው ቆየሁ። ዝም ሲል አጠገባቸው አስቀመጥኩት።

ነጠላውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። እኔም የበኩሌን ጫፍ ያዝኩ።