ንግግር ያጠራል የተባለው ጥርስ

ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ከየትም ቤት ሲሸተኝ ምላሴ ሳላዘው ወደ ታችኛው የፊት ጥርሴ ይሄዳል። እዚያ ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፣ ከተተከለም ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ያልነገርኩት ሰው አይለየውም። እኔ ግን ሽታው በመጣ ቁጥር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በቅርንፉድ ዘይት የራሰ ጥጥ ነክሼ፣ ደሜን ከምራቄ ጋር እየዋጥኩ፣ «በቃ፣ አሁን እንግሊዝኛዬ ሊጠራ ነው» ስል ራሴን አገኘዋለሁ። ያን ያስደረገኝ ቅናት ነው። ሌላ የሚያምር ስም ፈልጌለት ነበር፣ አላገኘሁለትም።

ጂንካ ውስጥ ቤታችን ከአውሮፕላን ሜዳው ጥግ ነበር። ያኔ ሜዳው መሀል ከተማ የተዘረጋ ሣር ስለነበር፣ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበት፣ ገበያተኛ ያቋርጠው ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ እኛንም ከብቱንም አንድ ላይ ያባርረን ነበር። አባቴ ከደጋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥም ሁለት ክፍል ሠርቶ ያከራይ ነበር። እሱ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠውን ትምህርት እኔ እንድጨርስለት ይመኝ ነበር፣ ከትምህርት ሁሉ ደግሞ እንግሊዝኛን ያመልክ ነበር ብል አላጋነንኩም። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ «ስንዱ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይለኛል፣ አነብለታለሁ፣ አንዲት ቃል ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ አዳምጦ «አፍሽ ይባረክ» ይለኛል። እናቴ ከወዲያ ሆና «ምን አለች?» ስትለው «ምን አውቃለሁ! ግን ሲያምር አትሰሚም?» ይላት ነበር። በዚያ ግቢ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይህም በጣም ይስማማኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት መስከረም፣ ሎኮሮ የሚባል የዳሰነች ሰው፣ በሙያው ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል የሚያክም የጤና ረዳት፣ አንደኛውን ክፍል ተከራየ። የወንድሙን ልጅ ናኩዋንም ከኦሞራቴ ይዟት መጣ፣ በእነሱ ሰፈር ከአምስተኛ በላይ የምትማርበት ክፍል አልነበረምና። ናኩዋ ከእኔ በአንድ ራስ የምትረዝም፣ ዝምተኛ፣ እንደ አገሯ ልማድ ሁለቱ የታች የፊት ጥርሶቿ የወጡላት ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርግ ነበርና «አባባ መጣች» ባለች ቁጥር ግቢው በሳቅ ይሞላል፣ እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን፣ ውሃም አብረን መቅዳት ጀመርን። እንዲያውም ወደድኳት፤ ሰው የሚስቅበትን ሰው መውደድ ምን ይከብዳል?

ጥቅምት ላይ የጂንካ ትንሹ ዝናብ ሲመለስ ነገሩ ተገለበጠ። ትምህርት ቤታችን እንግሊዝኛን በሬዲዮ ያስተምር ነበር፤ አስተማሪው ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ይከፍተዋል፣ ከውስጥ ያለው ሰውዬ አንድ ዐረፍተ ነገር ብሎ ፋታ ይሰጠናል፣ እኛም በፋታው ውስጥ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸን እንደግመዋለን። ናኩዋ ጮኻ አታውቅም ነበር። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር፣ እኔም ስላልቻለች ነው እያልኩ አዝንላት ነበር። አንድ ቀን የሬዲዮው ድንጋይ ደክሞ ኖሮ ሰውዬው ዐረፍተ ነገሩ ወገብ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከአጠገቤ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ናኩዋ የቀረውን ጨረሰችው። ድምፁ የሴት ልጅ ይሁን እንጂ አነጋገሩ የሬዲዮው ነበር፤ እኛ «ስኩል» ለማለት እንኳ ከፊቱ አንድ «እ» ካልደገፍንበት የማይወጣልን ሰዎች፣ ቃሉን እንደመጣ የተቀበለ አፍ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። አስተማሪው ሬዲዮውን አየው፣ ከዚያ እኛን አየን።

«ማናት?» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ዴስካችን ዞረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው ወደ እኔ አቅጣጫ እያየ እኔን እንደማያይ አወቅሁ።

በኋላ እንዴት እንደቻለችው ስጠይቃት፣ «አማርኛም እንዲህ ነው የለመድኩት፣ ሐመርኛም። መጀመሪያ ጆሮ ይማራል፣ አፍ ቆይቶ ይመጣል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቋንቋ ማለት ደብተር ላይ የተጻፈው ይመስለኝ ነበር።

በጋው ገባ፣ ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ በታኅሣሥም አንዲት ፈረንጅ ከአውሮፕላን ወርዳ ሻንጣዋን እንደያዘች በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እኔ የለበስኩት ንጹሕ ዩኒፎርም ስለነበር ሳይሆን አይቀርም የመረጠችኝ። ስድስት ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ ጉሮሮዬ ላይ ተወተፈ። ናኩዋ ከኋላዬ ሆና በእርጋታ መለሰችላት፣ ሴትዮዋም ፊቷ በርቶ ሌላ ጠየቀች፣ እሷም መለሰች፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተሳሳቁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አባቴ ዘንድ ደረሰ። ለገና፣ ለእኔ ከተቀመጠው አበባማ ጨርቅ ላይ ቆርጦ ለናኩዋ ቀሚስ ሰፋላት፤ «ይተርፋል፣ አንቺ አጭር ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ሲጀምር የሚጠራው ስም የናኩዋ ሆነ። እሷ ታነባለች፣ እሱ መርገጡን አቁሞ ያዳምጣል። ለእኔ ሲሆን መርገጡን አቁሞ አያውቅም ነበር። «አፍሽ ይባረክ!» ሲላት በሰማሁ ጊዜ ምርቃቴን ተሰረቅሁ፤ ባልዲዬን አንስቼ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቅናት ሰውን ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔን ግን ያሳክከኝ ነበር፣ ቀን ከሌት፣ የትም ብሄድ።

በመጋቢት ትልቁ ዝናብ ሲጀምር፣ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ አርባ ምንጭ ሄዶ በእንግሊዝኛ ንባብ ሊወዳደር ነው ተባለ። ከእኛ ዘንድ የቀረነው እኔና ናኩዋ ነበርን፤ የሚሄደውን አስተማሪው በግንቦት ሊለይ ነበር። ያን ወር የሠራሁት ሥራ የናኩዋን አፍ መሰለል ነበር። ምላሷ የት እንደሚያርፍ፣ ከንፈሯ መቼ እንደሚገጥም አጠና ነበር፣ ማታ የእናቴን መስታወት ይዤ ሳስመስል ደግሞ የእኔው እንግሊዝኛ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ውሃ ስንቀዳ ስለ ጥርሷ ጠየቅኋት።

«እኛ አገር ልጅ ከፍ ሲል ይወጣል» አለችኝ። «ካልወጣ ንግግር አይጠራም፣ እንደ ሕፃን ይሆናል። አያቴ ‹ምላስ መንገድ ይፈልጋል› አለኝ።»

አያቷ ስለ ዳሰነችኛ እንደተናገሩ ማንም ጤነኛ ሰው ይገባዋል። የቀና ሰው ግን የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ እኔም የሰማሁት የፈለግሁትን ነበር። ለካ ምስጢሩ ጥርሱ ነው!

በሚያዝያ፣ አባቴ የሰፋውን ልብስ ይዞ አልዱባ ገበያ በወረደበት፣ እናቴም ለቅሶ በሄደችበት ቀን፣ የሎኮሮን በር አንኳኳሁ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ለጎረቤት ቁስል የሚያጥብበት፣ ጥርስ የሚነቅልበት የቆርቆሮ ሳጥን ነበረው።

«ጋሼ ሎኮሮ፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው» አልኩት፣ ከታች ከፊት ያሉትን ሁለቱን እያሳየሁ።

በብረት መታ መታ አደረጋቸው። «እነዚህ ጤነኛ ናቸው ልጄ።»

«ሦስት ቀን አልተኛሁም!» ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፣ የወራት ቅናት ተጠራቅሞ ነበር።

«አባትሽ ያውቃል?»

«እሱ ነው የላከኝ።»

አንዱን ነቀለው። ሁለተኛውን ላስነቅል የነበረኝ ወኔ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ወጣ። ጥጡን ነክሼ ጓዳ ገብቼ ቀስ ብዬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሞከርኩ፤ የወጣው ነፋስ ነበር።

አባቴ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ያበጠውን ከንፈሬን አየ፣ አፌን ከፈተው፣ ግቢውም በጩኸቱ ተናወጠ። ሎኮሮ ወጥቶ፣ «እርስዎ እንደላኳት ነግራኝ ነው» አለ።

«እኔ? ጤነኛ ጥርስ? ልጄን እንደ እናንተ ልታደርጋት ነው?» ብሎ ጮኸበት፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነው አስነቅዪ ያለሽ? ተናገሪ!»

አልተናገርኩም። ዓይኔን ግን ወደ ናኩዋ በር አዞርኩ። ናኩዋ ያን አበባማ ቀሚስ ለብሳ እዚያ ቆማ ነበር፣ አባቴም ዓይኔን ተከትሎ አያት፣ ነገሩም ያኔውኑ ተፈረደ። ሎኮሮ ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝ፤ ውሸታም ሊለኝ ይችል ነበር፣ አላለኝም። በሳምንቱ ክፍሉን ለቀቁ፣ ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ወደ ኦሞራቴ ተመለሰ፣ ናኩዋንም ይዟት ሄደ። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው በጭነት መኪና ሲሄዱ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ የመኪናውን ድምፅ እስኪርቅ አዳመጥኩ። እፎይ አልኩ፤ መዋሸት አልፈልግም፣ እፎይ ነው ያልኩት።

አርባ ምንጭ የሄድኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት ቆሜ ማንበብ ስጀምር በክፍተቱ በኩል እያንዳንዱ «ስ» ፉጨት ሆኖ ወጣ፣ መጀመሪያ የፊት ወንበር ሳቀ፣ ቀጥሎ አዳራሹ። ባዶ እጄን ስመለስ አባቴ አልተቆጣኝም። መርፌው ላይ ክር እያስገባ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ያቺ ልጅ ብትኖር ኖሮ…» አለና መኪናውን ይረግጥ ጀመር። ካባረርኳት በኋላ እንኳ ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛን የተማርኩት ከእሷ ነው ብል እውነት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሷ እንዴት ትለው እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ጆሮዬ እስኪጠግብ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ አፌን እከፍታለሁ። በዚህ መንገድ አስተርጓሚ ሆንኩ። ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ከእንግዶች ጋር ኦሞራቴ ወርጄ፣ ወንዙ ዳር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ናኩዋን አገኘኋት። በቁመቷ አወቅኋት። አቀፈችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ።

«እንግሊዝኛው አለ?» አልኳት።

«ጠፋ። እዚህ ከማን ጋር ልናገረው?» አለች፣ እየሳቀች።

«ናኩዋ፣ ያ የጥርሱ ነገር…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ። አጎቴ ያኔውኑ ነገረኝ» አለችኝ፣ ስኳሩን መስፈሯን ሳታቋርጥ። «በር ላይ ቆሜ ነበር። ስንዱ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁሽ።»

በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳይደናቀፍባት፣ እንዴት ጥርት አድርጋ አለችው! አሁንም ቀናሁባት።

ያኔ የምመኘው አፌ እንዲጠራልኝ ነበር፣ ዛሬ ይኸው ጠርቷል፤ የሰውን ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳላጎድል አደርሳለሁ፣ እንጀራዬም ይኸው ነው። ጥርሴ በተነቀለ ቀን ከእኔ የተፈለገው ግን በእናቴ ቋንቋ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ዋሽቼ ነው» ማለት። አባቴ ይህን ከአፌ ሳይሰማ ሞተ።