አራት ፓስፖርቶች ለሳብራታ

ጀላልዲን መርዶውን የሰማው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ አንድ ሆቴል በር ላይ ታክሲውን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። በፈረንጆቹ 2010፣ የጁላይ ሙቀት መሪ አላስይዝ ያለበት ቀን ነበር። የደወለለት ልጅ አያውቀውም፤ ከሊቢያ ነው።

«የኢርፋን የእህቱ ባል ነዎት? ቁጥርዎን ከኪሱ ነው ያገኘሁት» አለ ልጁ። «ጀልባዋ ብዙም ሳትርቅ ነው የተገለበጠችው። እኛው ራሳችን ባሕሩ ዳር ቀበርነው። ለእህቱ ለመንገር አቅም አጣሁ።»

ጀላልዲንም አቅም አጣ።

ኢርፋን የሚስቱ የሙፈሪሓት ታናሽ ወንድም ነው። ወንድም ይባል እንጂ እናታቸው ደሴ ላይ ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አዝላ ያሳደገችው፣ ትምህርት ቤት ያስገባችው፣ አሜሪካ ስትመጣ አክስቷ ዘንድ ትታው አውሮፕላን ውስጥ ሙሉ መንገድ ያለቀሰችለት ልጇ ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዛት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ጀላልዲን ያን ዕለት ሥራውን ትቶ ሎረል የምትባል ከተማ ድረስ ነዳና ሐጂ ሱሃይብን አማከረ። ከወሎ ሰዎች መካከል በዚህ አካባቢ መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው።

«ደም ግፊት አለባት። ረመዳን ደግሞ ደርሷል፤ ጾሟን ትጹም» አሉት።

ረመዳን ሲያልፍ «ዒድን ማን ያበላሽባታል?» ተባለ። ከዒድ በኋላ የምትሠራበት ሆቴል አለቃዋ ዕረፍት ወጣችና የአምስት ፎቅ ክፍሎች ጽዳት እሷ ላይ ወደቀ፤ ያም ይለፍ ተባለ። ለእንዲህ ያለ ነገር የሚመች ቀን ከየት ይመጣል? እነሱ ቀን ሲመርጡ እሷ የራሷን ቀን ቆረጠች።

ኢርፋን ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ጊዜ «የጥንት ሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ ነው ያለነው፤ ከተኛሁበት ሆኜ ምሰሶዎቹ ይታዩኛል» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሲጠፋ «ታስሮ ነው» ብላ ደመደመች። ኮሌጅ የገባችው ልጃቸው ዛኪያ አጎቷ መሞቱን አታውቅም፤ ለእሷም የነገራት የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ኮምፒውተሯን እናቷ ፊት ከፈተችው።

«ማም፣ ሳብራታ ነው፤ ሊቢያ። ኢትስ ሮማን። ቱሪስቶች ይሄዳሉ፣ ሉክ!»

ሙፈሪሓት ሄጄ ላስፈታው ብላ በሳምንቱ ጀላልዲንን ይዛ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ሄለን የምትባል የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባች። ሄለን ሳትዋሽ ነገረቻት።

«እህቴ፣ ለብቻ ሰው ቪዛ አይሰጡም። ግን በግሩፕ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ፍርስራሹን ለማየት ከሆነ አፕላይ አደርግልሻለሁ። ቢያንስ አራት ሰው አምጪ። የጉዞው ዓላማ ላይ ጥንታዊ የሮማውያን ፍርስራሽ ለመጎብኘት ብለሽ ፈርሚ።»

ሙፈሪሓት ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «የወደቀ ድንጋይ ለማየት ባሕር የሚሻገር ሰው አለ?» አለችና ፈረመች። ጀላልዲን አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። እሱም ፈረመ።

በማግስቱ ሎረል ደውሎ «ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ኑና ንገሯት» አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ሱሃይብ ነጠላ የለበሱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኢፋትን አስከትለው ጀላልዲን የሚኖርበት ስካይላይን ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። ጀላልዲን ውኃና ፎጣ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። በሩን የከፈተችው ግን ሙፈሪሓት ናት።

«አላህ ነው ያመጣችሁ! ሁለት ሰው ጎድሎኝ ጨንቆኝ ነበር» አለችና ገና ሳይቀመጡ ፎርሙን እጃቸው ላይ አደረገች። «ሐጂ፣ እርስዎ ዐረብኛ ይችላሉ። እስር ቤቱ በር ላይ ቆመው ሁለት ቃል ቢናገሩልኝ ይበቃኛል።»

ሐጂ ሱሃይብ ባለቤታቸውን አዩ። ባለቤታቸው ምንጣፉን አዩ። መርዶ ለሰባ ቤት የነገሩት ሐጂ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

መርዶ ሊነግሩ የመጡ ሰዎች ቱሪስት ሆነው ተመዝግበው ወጡ። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቃል ተናግረው ይገላግሏት ነበር፤ ደግ ሆኑና ፓስፖርታቸውን አመጡላት። ሊፍት ውስጥ ሐጂ የጀላልዲንን ክንድ ይዘው «ዓረፋ ይለፍ» አሉት። ጀላልዲን እዚያው ሊፍት ውስጥ መጮህ አማረው።

አራቱን ፓስፖርት ለሄለን እንዲያደርስ የተሰጠው እሱ ነበር። ለሊቢያ ቪዛ የሚጠየቀው የዐረብኛ ትርጉም ሊታተምባቸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነዳ፤ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሩብ ሰዓት አሰበ፤ ከዚያ የታክሲውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍቶ መለዋወጫ ጎማው ሥር ሸጎጣቸውና ተመለሰ። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልመጣለትም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ሳምንታት ለጠላት አይስጥ የሚባሉ ነበሩ። ሙፈሪሓት ለኢርፋን ቁጥር አርባ ሁለት ጫማ ገዛች። የባሕሩ ነፋስ እነሱ በሚሄዱበት በዲሴምበር እንዳይበርደው ወፍራም ሹራብ ጨመረች። ዛኪያ የፍርስራሹን ፎቶ ፕሪንት አድርጋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችላት፤ ሦስት ደርብ ምሰሶ የቆመበት የጥንት ቲያትር፣ ከኋላው ሰማያዊ ባሕር። ሙፈሪሓት በእስክሪብቶ እያከበበች «እዚህ ጋ ይሆናል የሚተኛው፤ ወይም እዚህ» ትላለች። ጀላልዲን ውኃ ሊጠጣ ፍሪጁን በከፈተ ቁጥር ባሕሩን ያየዋል። መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ ደግሞ እጇን ትዘረጋና «ያ ረብ፣ ኢርፋንን በሰላም አገናኘኝ» ትላለች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ «አሚን» ይላል። ምን ይበል?

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሄለን ደወለች። ሙፈሪሓት ስልኩን ዘግታ ወደ ሶፋው ዞረች።

«ፓስፖርቶቹ አልደረሱኝም ትላለች። ዴድላይኑ ሐሙስ ነው።»

«በፖስታ ልኬያቸዋለሁ» አለ ጀላልዲን።

«ሪሲቱስ?»

«መኪና ውስጥ ይሆናል።»

ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳች። ሊያስቆማት ይችል ነበር፤ አላስቆማትም። ደክሞት ነበር፤ ከአራት ወር በላይ መሸከም አልቻለም። ተነስቶ በመስኮት ቁልቁል አያት። መጀመሪያ የፊቱን በር ከፈተች፤ ወረቀት አገላበጠች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። የዕቃ መጫኛውን ከፍታ ጎማውን ስታነሳ አያት። እዚያው ቆማ ቀረች። አንድ መኪና ክላክስ ሲያደርግባት እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

ስትመለስ ፓስፖርቶቹን ጠረጴዛው ላይ ጣለቻቸው።

«ወንድሜ እስር ቤት እየማቀቀ አንተ ጎማ ሥር ትደብቃለህ? ምን በደለህ? ምን አደረገህ ኢርፋን?»

እሷ እየጮኸች ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ የራሷን፣ የእሱን፣ የወይዘሮ ኢፋትን። የሐጂን ስትከፍት ድምፅዋ ቆመ። የመርዶ ነጋሪውን ፎቶ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሐጂ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፓስፖርቴ የት ደረሰ ብለው አልጠየቁም» አለች ቀስ ብላ። «ወይዘሮ ኢፋትም አልጠየቁኝም። ሰው ፓስፖርቱ ጠፍቶበት ዝም ይላል?»

ወንበሩን ሳታየው በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«መቼ?»

«ጁላይ።»

በጣቷ ቆጠረች። አላለቀሰችም፤ ጀላልዲን ግን ብታለቅስለት ምንኛ በወደደ።

«ረመዳንን ጾሜያለሁ። ለዒድ ለብሻለሁ። ጫማ ገዝቻለሁ። ሁላችሁም ታውቁ ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «በየመግሪቡ በሰላም አገናኘኝ ስል አጠገቤ ነበርክ። አሚን ትል ነበር፣ ጀላል።»

«ልትሞችብኝ ነው ብዬ…»

«የት ቀበሩት?»

ወደ ፍሪጁ ሄዶ ፎቶው ላይ፣ ከምሰሶዎቹ ወዲያ፣ የባሕሩ ዳር ላይ ጣቱን አደረገ። እሷ ከከበበቻቸው ቦታዎች አንዱንም አልነካም። ተነስታ ፎቶውን ነቅላ ያዘችው።

«ለሄለን ነገ ራሴ አደርሳቸዋለሁ።»

«ሙፊ፣ ከእንግዲህ ለምን?»

«ፍርስራሽ ለማየት ብዬ ፈርሜያለሁ። ሐጂም ፈርመዋል። ጁላይ ውስጥ ያልነገሩኝን መቃብሩ ላይ ቆመው ይነግሩኛል።»

ጸሐይ ጠለቀች። ውዱእ አደረገች፤ ምንጣፉን ዘረጋች፤ ሰገደች። ጀላልዲን እንደ ልማዱ ከጎኗ ተቀመጠ። እጇን ዘረጋች።

«ያ ረብ፣ ኢርፋንን ማረው። ቀብሩን አስፋለት።»

ጠበቀችው። በየመግሪቡ ሳይቸግረው ሲለው የከረመው «አሚን» ዛሬ አልወጣ አለው።

«በል እንጂ» አለችው፣ እጇን ሳታጥፍ። «ዛሬ ነው የሚያስፈልገው።»