ዓይን ያልነካው በርበሬ

ባለፈው ሳምንት ማራኪ ሰፈር ካለው ግቢዬ ውስጥ ሰው አስደነገጥኩ። ተከራዬ ጨዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሲጋራውን ከበር ውጭ አጭሶ ገባና “ቲማቲሙን ላቃናልዎ እማማ” ብሎ ቅርንጫፉን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። “ተው! መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!” ብዬ ጮህኩ። ልጁ ክው አለ። ያን የሚያህል ድምፅ ከአሮጊት ይወጣል ብሎ አልጠበቀም። ምክንያቱን ስነግረው አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ እዚህ አሳጥሬዋለሁ።

ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ድጓ የሚያስተምሩ፣ አጥቢያው ሁሉ የሚፈራቸው። አንገረብ ወንዝ ዳር ቁራሽ መሬት ነበረን፤ ከጥምቀት በፊት የበርበሬ ችግኝ ተከልንበት። እናቴና እኔ የላይኛውን ትልም፣ አባቴ የታችኛውን ብቻቸውን ተከሉ፤ “አተካከላችሁ ጠማማ ነው” እያሉ ሰው አያስጠጉም ነበር። የቦዩ ውኃ እግር ያደነዝዛል፤ የረጠበው አፈር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

እትዬ ወርቄ የወለቃ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ባላቸው ሞተው፣ ሦስት ልጆች በዚያ ሸክላ ያሳድጋሉ። በየሐሙሱ ገንቦና ድስት ተሸክመው በማሳችን ጠርዝ ወደ ገበያ ያልፋሉ። እኛ የወለቃ ሰዎችን ሸክላ እየገዛን፣ በጀርባቸው ግን ቡዳ ናቸው እንላለን፤ እንዲህ ነበርን። አንድ ሐሙስ ቆም አሉና “ወይ ሸጋ በርበሬ!” አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሉ ተዥጎረጎረ፤ ቢጫና አረንጓዴ ተቀላቀለበት፣ ጫፉም ተኮማተረ።

ጎረቤታችን አያ ደምሴ ማሳውን ዞረው አዩና “ምነው ትፈዛላችሁ? የወርቄ ዓይን ነው!” አሉ። አባቴም አመኑ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአጥቢያው ሊናገሩ ቆረጡ፤ ማንም ከእትዬ ወርቄ ሸክላ እንዳይገዛ፣ በዚያ መንገድም እንዳያልፉ።

ዓርብ ዕለት የታመመ ቅጠል ደብተሬ ውስጥ አድርጌ ለሳይንስ መምህራችን አሳየሁ። መምህሩ ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴት የመጣ፣ አማርኛው ስብርብር ያለ ሰው ነው። ቅጠሉን በመስኮቱ ብርሃን አየና ሊዘል ምንም አልቀረው። “ይኼ አገሬ አለ! ደሴታችን በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሁሉ!” አለ። ነገሩ በዓይን የማይታይ፣ ቫይረስ የሚባል የትንባሆ በሽታ ኖሯል፤ ትንባሆው ደርቆ ቢፈጭ እንኳ አይሞትም፤ ትንባሆ የነካ እጅ ችግኙን ከነካ ይተላለፋል። “ቤት ማን ያጨሳል?” ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። በመሪጌታ ቤት! የቤተ ክህነት ሰው ትንባሆ ነካ ከተባለ አለቀለት።

ቢሆንም ከትምህርት ቤት እስከ ማሳው በሩጫ ሄድኩ። ትልሙን አንድ በአንድ አየሁ። የእኔና የእናቴ ደህና ነው። የአባቴ አንድም ሳይቀር ተዥጎርጉሯል። ዓይን እንዴት ትልም ይመርጣል? “አገኘሁት!” ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በተከላው ቀን አባቴ “ዳዊቴን ልድገም” እያሉ ከሾላው ዛፍ ኋላ ሄድ እያሉ ይመለሱና ያስነጥሳሉ። እኛ ደግሞ “ይማርዎ!” እንላለን። በሾላው ግንድ ቀዳዳ እጄን ሰደድኩ፤ ክዳን ያላት ትንሽ ቀርከሃ ወጣች። ከፍቼ ባሸታት እኔንም አስነጠሰችኝ። ሱረት! በአፍንጫ የሚሳብ የትንባሆ ዱቄት!

ብናገር አባቴ ይዋረዳሉ፤ ዝም ብል እትዬ ወርቄና ልጆቻቸው ጦም ያድራሉ። ቀርከሃዋን ከቦታዋ መለስኳት።

ራት ሲቀርብ አባቴን የማስታጥባቸው እኔ ነኝ። “በቃ” ቢሉኝም ውኃውን ማፍሰስ አላቆምኩም። “አባባ፣ መምህሩ ሱረት የነካ እጅ በርበሬ ያሳምማል ይላል። በደንብ ይታጠቡ” አልኩ። አባቴ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ራት አልበሉም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። “መሪጌታ፣ ስለዚያች ሴት ይንገሩን እንጂ” አሉ አያ ደምሴ። አባቴ ተነሡና ቀርከሃዋን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ከፍ አደረጓት። “ዓይን አይደለም፣ እጅ ነው። የእኔ እጅ” አሉ። ሕዝቡ አማተበ። እኔ ግን ከሴቶቹ መሀል በደስታ ልጮህ ደርሼ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። እንደዚያ ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም።

አባቴ ንስሐ ገቡ፤ ዓመት ሙሉም ከማሕሌት ታገዱ። የታመመውን በርበሬ ነቅለው አቃጠሉ። የዓይኑ ወሬ ግን ቀድሞ ወለቃ ደርሶ ኖሮ፣ እትዬ ወርቄ በማሳችን ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ወንዙ ማዞር ጀመሩ። በዓመቱ አዲሱ በርበሬ ዛላው ተንዠርግጎ ሲቀላ አላስችል አለኝ። “እትዬ ወርቄ፣ ምነው? ይዩልን እንጂ!” ብዬ ተጣራሁ። አባቴም ከትልሙ ቀና ብለው “ይዩት፣ ይዩት” አሉ። ሸክማቸውን አወረዱ። ትንሽ ቆይተው ዘወር አሉና አዩት። “ሸጋ ነው” አሉ፣ ቀስ ብለው።

ተከራዬ ይህን ሰምቶ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። እኔም ቲማቲሜ በቀላ ቁጥር የግቢዬን በር ወለል አድርጌ እከፍትና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ “ኑ፣ እዩልኝ!” እያልኩ እጠራለሁ።