ወጥ ቤቷ የገደለቻት ወፍ

ወጥ ቤት ያደረገኝ እሱ ነው። እኔ አስማተኛ መሆን ነበር የፈለግኩት፤ ከሰበታ ቡራዩ ድረስ ሦስት ታክሲ እየቀያየርኩ የሄድኩትም ለዚያ ነው። ጨዋታውን የሚመራው አጫዋች ግን ከእንግሊዝኛው የደንብ መጽሐፍ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አስማተኛ ተይዟል፤ ጎራዴኛም ተይዟል። አንቺ ወጥ ቤት ሁኚ፣ ቡድኑን የሚመግብ ሰው ያስፈልጋል» አለኝ። እኔ ሽሮ የማሳርር ሰው ነኝ። የምውለው ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የዘይት ናሙና ስመረምር ነው። ይህን አያውቅም፤ አልጠየቀማ። ሴት መሆኔን አየ፣ በቃው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ እያንዳንዳችን ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ሰው እንሆናለን። አጫዋቹ በሌለ አገር ስላለ ዋሻና አውሬ ይተርካል፤ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይወስናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራታችን እንሰበሰባለን። አስማተኛው ሱሉልታ ሱቅ ያላቸው የሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ነው። ጎራዴኛው የዚያው የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሲናደድ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ያደባልቃል። ቤቱም መጽሐፉም ዳይሱም የአጫዋቹ ስለሆነ፣ ሕጉም የእሱ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ አበሰልኩ። እነሱ ይዋጋሉ፣ እኔ ድስት እጥዳለሁ። ተራዬ ሲደርስ አጫዋቹ «እሺ፣ ዛሬስ ምን ሠራሽልን?» ይላል፤ ሁለቱ ይስቃሉ። የምሠራው ምግብ ቁስል ይፈውሳል፤ እኔ ባልኖር ኖሮ ሁሉም አሥር ጊዜ በሞቱ ነበር። አንድም ቀን ያመሰገነኝ የለም። በመጨረሻ ሙያ ካልቀየርኩ አልመጣም አልኩ። አጫዋቹ ወረቀቴን ሳበና ጥጉ ላይ በራሱ እጅ ጻፈ፦ «ብቻዋን አንድ አውሬ ከገደለች ሙያ ትቀይራለች።» ከዚያ እስክሪብቶውን እየከደነ ሳቀ። የወጥ ቤት መሣሪያ ቢላዋ ብቻ ስለሆነ አይሳካላትም ብሎ ነው። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አጫዋቹ እየጮኸ በሚተርክበት ቅዳሜ፣ ዕድሉ መጣ። አይሱዙ የምታህል ወፍ ዋሻ ውስጥ አግታናለች። አስማተኛው ራሱን ስቷል። ጎራዴኛው ቆስሎ ወድቋል፤ በሚቀጥለው ዙር የፈውስ ምግብ ካልቀመሰ ይሞታል። የቀረሁት እኔ ነኝ። «አንገቷን፣ በቢላዋ» አልኩና ዳይሱን ጣልኩ። ሃያ ወጣ።

ከሃያ በላይ የለም። ከወንበሬ ተነስቼ እልል አልኩ። ወዲያው ወፏን ገነጣጥዬ ጠበስኩና ለጎራዴኛው አቀረብኩለት።

«ማን ባረካት?» አለ።

«እኔ ነኛ! አሁን አላየህም?»

«ላኪ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ በፍጹም ማለቱ ነው። «ሴት የባረከችውን አልበላም።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። አስማተኛው «ለእኔማ ድሮም የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ እኔን አታስገቡኝ» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። እሳት የሚተፋ ዘንዶ ባለበት፣ ሰው በአየር ላይ በሚሄድበት አገር፣ ነውር ሆኖ የተገኘው የእኔ ቢላዋ ነው!

አጫዋቹ ዳኛ መሆን ይወዳል። «በቃ እንዲህ እናድርግ» አለ። «አንቺ ወፏን ያዝሽ፣ ቢላዋውን አቀበልሽው፣ እሱ ባረከ። ሥጋው ይበላል፣ እሱም ይድናል። መግደሉ ግን በእሱ ይመዘገባል።» ይህ አልበቃ ብሎት ተረት ጨመረበት፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።»

ደሜ ፈላ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እናቴ ብቻችንን ነን። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮና ቢላዋ ይዤ የግቢያችን በር ላይ የምገተረው እኔ ነኝ፣ የሚያልፍ ወንድ እየጠበቅኩ። «ወንድሜ፣ ዶሮ ባርክልን» እላለሁ። አንዱ ረፍዶብኛል ይላል፤ ሌላው ከእግሬ እስከ ራሴ ያየኛል። አንድ ዓመት ቆሞ መሄድ ያቃተው ሰካራም ባረከልን። እናቴ «ዕድሜ ይስጥህ» እያለች አስታጠበችው። ቢላዋውን የሳልኩት እኔ፣ ዶሮዋን የያዝኩት እኔ፣ የገነጠልኩት እኔ። ምርቃቱ ግን ለእሱ ሆነ። አሁን ደግሞ እዚህ፣ በሌለ አገር፣ ያንኑ በር ላይ ሊያቆሙኝ ነው።

«አላቀበልኩም» አልኩ። «የገደልኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ።»

«እንግዲያው ጥንብ ነው። ጥንብ አይፈውስም፣ ልጁም ይሞታል። በአንቺ እልህ።»

ወደ ጎራዴኛው ዞርኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ጎራዴኛ ዓመት ከመንፈቅ የደከመበት ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣለት በአያቱ ስም ነው። «እሱን ተወው፣ አንተ ንገረኝ» አልኩት። «ይበላል ወይስ ይሞታል?»

ወረቀቱን አየ። አጫዋቹን አየ። እኔን አላየኝም።

«ይሙት» አለ።

ሞተ። በእኔ እጅ የታረደች፣ ያውም የሌለች ወፍ ከሚበላ ሞቱን መረጠ። አጫዋቹ ወረቀቴን ሳበና ጥጉ ላይ የጻፈውን ሰረዘው። «ጥንብ እንደ ግዳይ አይቆጠርም» አለ። ጠላሁት፤ ሦስቱንም ጠላኋቸው። ቦርሳዬን አንስቼ በዝናቡ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቡራዩን አልረገጥኩም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቴ ዶሮዋን አስታቀፈችኝ። እንደ ልማዴ ቢላዋውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይዞ በጭቃው ሲመጣ አየሁት። «ወንድሜ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። በሩን ዘጋሁና ወደ ጓሮ ሄድኩ። ዳይስ መጣል ቀላል ነበር፤ ዶሮዋ ግን ትሞቃለች፣ ትፈራገጣለች።

እናቴ ስትወጣ ደሙን አየች። የተዘጋውን በር አየች።

«ማን ባረካት?»

«እኔ።»

በአጥሩ በኩል ጎረቤት እንዳለ ቃኘች። ከዚያ ገብታ የፈላውን ውሃ አመጣችና አጠገቤ አስቀምጣ፣ ላባውን አብራኝ መንጨት ጀመረች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ይኸው ተናገርኩ።