ጋቢ የለበሰው ሩዝ

ስለ ጓደኛዬ ስለ ማስተዋል ልጽፍ ነው። እንደ ተማረ ሰው አሳምሬ አይደለም፤ ያየሁትን ብቻ። ሁለታችንም የቢቸና ልጆች ነን። ሞጣ፣ ከእትዬ አየሁሽ ምግብ ቤት፣ አብረን ሰሃን እናጥብ ነበር።

ማስተዋል ዱባይ ሠርታ ነው የተመለሰችው። አሠሪዋ ጃፓናዊት ነበረች። እዚያ ከለመደችው ሁሉ አንድ ምግብ ከአፏ አይጠፋም፤ ኦሙራይስ ይባላል። ሩዙ በሽንኩርትና በቲማቲም ድልህ፣ ትንሽ የዶሮ ሥጋ ጣል ተደርጎበት ይጠበሳል፤ ከዚያ በስሱ የተጠበሰ እንቁላል እንደ ጋቢ ይለብሳል።

"የሴትዮዋ ልጆች ሲከፋቸው ይህን ነበር የምሠራላቸው" ትለኛለች። "እኔም ሲከፋኝ ለራሴ እሠራ ነበር።"

እዚህም ልትሠራው እትዬ አየሁሽን ለመነቻቸው። አንዴ አይደለም። ሲቆጧት ወደ ሰሃኗ ትመለስና በማግሥቱ እንደገና ትጠይቃለች። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቁጣ ጓዳ ገብቼ አልወጣም ነበር። በኋላ እትዬም ሰለቻቸው መሰል፣

"እሺ፣ ትርፉን ቡታጋዝ ውሰጂ" አሏት። "የፊታችን ገበያ ድስትሽ ባዶ ከሆነ ቡታጋዙ ያንቺ ሥራ ነው። ከተረፈ ግን ቡታጋዙን እሸጠዋለሁ። አንቺም ሰሃንሽን እያጠብሽ፣ ሩዝ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።"

የገበያው ዕለት መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ፈረደ ናቸው። የበሬ ነጋዴ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም። ሁለት ጓደኞቻቸው አብረዋቸው አሉ። ማስተዋል ለሦስቱም በየሰሃናቸው አሰማምራ ሰጠችኝ። ማንኪያ ጨምሬ አቀረብኩ።

"ምነው ልጄ፣ የተጣላን መሰልናችሁ እንዴ? ለየብቻ?" አሉ ጋሽ ፈረደ። ማንኪያውን ወደ ጎን አደረጉትና የሦስቱንም ምግብ አንድ ትሪ ላይ ገለበጡት። እንቁላሉን ቆረስ፣ ሩዙን ጠቅለል፣ ጎረስ። አንዱ ሌላውን ያጎርሳል። ሩዙ ከጣታቸው እየሾለከ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። ደስ ብሏቸው ነበር እኮ፤ ግን እንቁላሉ ወዲያው አለቀ።

"ኧረ እናንተ ልጆች፣ እንጀራው አለቀ፤ ወጡ ተርፏል!" ብለው ተጣሩ።

"እንጀራ አይደለም ጋሼ፣ እንቁላል ነው። በማንኪያ ነው የሚበላው" አልኩ።

"ማንኪያማ ለታመመ ሰው ነው!"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ሌሎቹም እነሱን እያዩ እንደዚያው በሉ። ገበያው ሲበተን ድስቱ ውስጥ ግማሽ ያህሉ አለ።

እትዬ አየሁሽ ክዳኑን አንስተው አዩና መልሰው ከደኑት። ከዚያ ቡታጋዙን አየት አደረጉት።

"እትዬ፣ የተረፈው ሩዙ ነው" አለች ማስተዋል። "እንቁላሉን ማንም አልተወም። አንድ ገበያ ብቻ ይጨምሩልኝ።"

"የተነጋገርነውን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ካልሆነ ቡታጋዙን እኔው ተሸክሜ ወስጄ እሸጥልዎታለሁ።"

እትዬን ሳቅ አመለጣቸው። "በይ አንድ ገበያ። ከዚያ ወዲያ ብታለቅሺም አልሰማሽ።"

ረቡዕና ዓርብ እንቁላል አይነካም፤ በቀሩት ቀኖች ግን ሰሃኑን ለእኔ ትታ ስትሞክር ሰነበተች። በጣት ሲጠቀለል እንዳይበተን ሩዙን ውኃ ጨምራ አለሰለሰችው። እንቁላሉን በሰፊው መጥበሻ ጠብሳ እንደ እንጀራ ትሪው ላይ ዘረጋችው። ሩዙን መሐሉ ላይ ቆለለችው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ሌላ እንቁላል እየጠቀለለች ደረደረች። የሦስት ሰው በአንድ ትሪ።

"አሁንማ ጋቢውን አስወልቀሽ አነጠፍሽለት" አልኳት። "ጃፓናዊቷ ብታይሽ ምን ትላለች?"

"እሷ ሞጣ ገበያ አትወጣም" አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ጋሽ ፈረደ መጡ። "ያቺ ወጧ የሚተርፈው ምግብ አለች?" እያሉ ነው የገቡት። ትሪውን አቀረብኩ። ማንኪያ አላመጣሁም። ቆርሰው ጎረሱና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ድንግጥ አለ። ለካ አፋቸው ሞልቶ ኖሯል። ማስተዋል ጓዳው በር ላይ ቆማ ጣታቸውን ታያለች። ሩዙ አልረገፈም። ትሪውን ጠራርገው፣

"ድገሙን!" አሉ።

ሌላውም ጠረጴዛ ተጣራ። እግሬ ማረፊያ አጣ።

ኋላ ጋሽ ፈረደ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና "አየሁሽ! ነይ በሞቴ!" አሉ። እትዬ እስከዚያን ቀን ቀምሰውትም አያውቁ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፣ ጎረሱ። አላመጡት፣ አላመጡት።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ።

ከዚያ ጓዳ ገብተው የድስቱን ክዳን አነሡ። ባዶ ነው። ማስተዋልን ሳያዩ፣

"ነገ ጾም ነው። ለከነገ ወዲያ ስንት እንቁላል ላስመጣ?" አሏት።

እኔን ደስታው አስለቀሰኝ። እሷ ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣

"እንቁላሉ ይደርሳል እትዬ" አለች። "መጀመሪያ ከዚህ የሚሰፋ መጥበሻ ያስመጡልኝ።"