ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ሥዕል

ከስድስቱ ተለማማጆች በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች። ሌሎቹ አምስቱ ከትምህርት ቤት ወንበር ገና የተነሱ ናቸው። እሷ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመቷን ይዛ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆና፣ አሥራ ስምንት ዓመት እንጀራዋ የነበረውን የስፌት መኪና በአንሶላ ሸፍና ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ሳምንት "መርፌ" የሚል ቅጽል ስም ወጣላት። አልከፋትም። "ዝገት ካላላችሁኝ ይሁን" ብላ ሳቀች፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ስፌቱን የተወችው ጠልታው አይደለም። ሰው ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ከሱቅ እየገዛ መልበስ ጀመረና፣ እሷ ዘንድ የሚመጣው ሱሪ ለማሳጠርና ዚፕ ለማስቀየር ብቻ ሆነ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስልኩን እየጎረጎረ "ስሚ እስቲ" አላት። "ይሄ ትልቁ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ተለማማጅ ይፈልጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ዕድሜ አይገድብም ይላል።"

"እጁ የማይንቀጠቀጥ ይላል?"

"ቃል በቃል!"

"እንግዲያው እኔን ነው የሚሉት" አለች። ስትቀልድ ነበር። በማግስቱ ግን ቅጹን ሞላች።

የተመደበችው የኩባንያው ሰርቨሮች ካሉበት አዳራሽ ነው። ሰርቨር ማለት የሰው ሁሉ ፎቶ፣ ደብዳቤና ሰነድ ተቀምጦበት ቀንም ሌትም የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የብረት ቁም ሣጥኖች በረድፍ ቆመዋል፤ በያንዳንዳቸው ውስጥ ሃያ ሃያ ሰርቨር እንደ መሳቢያ ተደርድሯል። ከፊታቸው በወለሉ ቀዳዳ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ያንዘፈዝፋል፤ ከጀርባቸው ደግሞ የማሽኖቹ ትንፋሽ ፊት ይለበልባል። ተለማማጆቹ ከፊት ሹራብ እየለበሱ፣ ከኋላ እያወለቁ ነው የሚውሉት። ጩኸቱማ አይወራ።

ትምህርቱ መጀመሪያ ላይ አናቷን አዞረው። የማታውቀውን ቃል ሁሉ በደብተር እየጻፈች ቤት ትወስዳለች፤ የሰባት ዓመት ልጇ ደብተሩን ይዛ ትጠይቃታለች።

"ሰርቨር ምንድን ነው?"

"ሌሎች ኮምፒውተሮች ይህን ስጠኝ፣ ያንን አስቀምጥልኝ ሲሉት እሺ እያለ የሚታዘዝ ኮምፒውተር።"

"እንደ አንቺ?"

"እንደ አባትሽ!" ትላለች፤ ባሏ ከጓዳ "ሰምቻለሁ!" ይላል።

ቃሉ ቢያስቸግራትም እጇ ግን ከማንም በፊት ገባው። ሌሎቹ የሚዘረጉት ኬብል ያልተበጠረ ፀጉር ሲመስል፣ የእሷ ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ በእኩል ርቀት ታስሮ፣ ከማጠፊያው ላይ ሳይጨማደድ ይታጠፋል። ርዝመቱን በዓይኗ ለክታ "ሁለት ሜትር ከሩብ" ካለች፣ ሜትር ያመጣ ሰው ለራሱ ያፍራል። ከሌላ ክፍል ሳይቀር ሥራዋን በስልካቸው ፎቶ ሊያነሱ የሚመጡ ነበሩ።

አሠልጣኟ ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ከንፈሩን እየነከሰ የሚያስብ ወጣት። በኩባንያው ደንብ ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም "አንተ"ና "አንቺ" ነው የሚባባለው። እሱ ግን እሷን አንቺ ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ አዳራሹ ውስጥ "አንቺ"፣ ከበሩ ሲወጡ "እርስዎ"። "እትዬ" የምትለዋ ግን በሁለቱም ቦታ ሳትለወጥ ቀረች።

ያዳራሹ ዋና ሕግ አንድ ኬብል ለመንቀል ሁለት ሰው ያስፈልጋል የሚል ነው። አንዱ ከወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው መሰኪያውን በጣቱ ነክቶ ቁጥሩን ይደግማል። ከዚያ በኋላ ነው የሚነቀለው። ስድስት ወር ሙሉ ሲያነቡና ሲነኩ ከረሙ።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ ከስድስቱ አራቱ ብቻ ቋሚ ሠራተኛ ሆነው እንደሚቀሩ ተነገራቸው። ውጤቱ ዓርብ ይወጣል። ሐሙስ ጠዋት እሷና አሠልጣኟ አንድ ያረጀ ኬብል ለመቀየር ከአንድ ቁም ሣጥን ጀርባ ገቡ። ሰርቨሩ ስድስት መሰኪያ አለው፤ የተለጠፈባቸው ቁጥር ግን ከእርጅና ብዛት ጠፍቷል። ስለዚህ የመሰኪያዎቹን ሥዕል ይዘዋል። ሥዕሉን አየችው። ልብስ ሰፊ ልብስን ከውስጥ ነው የምታየው፤ ከፊት ግራ የሆነው ከውስጥ ቀኝ ነው። ይህንን እጇ ሳታስበው ይገለብጣል። ሥዕሉ ከፊት የተሳለ መስሏት በልቧ ገለበጠችው። ሥዕሉ ግን መጀመሪያውኑ ከጀርባ የተሳለ ነበር።

"ሁለተኛ!" ሲል አነበበ።

ከቀኝ ቆጥራ ነካች። "ሁለተኛ!"

እሱም እጇን አምኖ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ነቀለችው። ከጎኑ ያለችው አረንጓዴ መብራት ድርግም ብላ ጠፋች። የመሸ መሰላት። የነቀለችው አምስተኛውን፣ እየሠራ ያለውን ነው! መልሳ ሰካችው። መብራቷ በራች። ሁሉም ነገር የሦስት ሰከንድ ነገር ነው። ለማረጋገጥ ቀስ አድርጋ ሳብ ብታደርገው ግን ኬብሉ ተከትሏት ሊወጣ አለ፤ ቆልፋ የምትይዘው ትንሿ የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። አሁን ቢሠራም የያዘው አንዳች ነገር የለም።

"ምላሱ ተሰበረ" አለችው።

"የምኑ?"

"የአምስተኛው። ሁለተኛውን መንቀል ሲገባኝ አምስተኛውን ነቀልኩት።"

የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ። "እትዬ፣ እርስዎ... ቆይ፣ አረንጓዴ ነው?"

አዳራሽ ውስጥ እርስዎ ሲላት፣ ምን ያህል እንደደነገጠ ገባት።

"አረንጓዴ ነው።"

"እንግዲያው ዝም እንበል። ውጤቱ ነገ ነው እኮ! አሁን እንቀይረው ብንል የኃላፊዋ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ነገሩ ይወጣል። ሰኞ ሌላ ሥራ አስፈቅደን እንገባና አብረን በአዲስ እንቀይረዋለን።"

"እስከ ሰኞ ቢወልቅስ?"

"አይወልቅም።"

"አንተ በአንድ ክር የተያዘ ሱሪ ለብሰህ ሠርግ ትሄዳለህ?"

ሳቁ ሊመጣ ብሎ ከንፈሩ ላይ ቀረ። እሷ ግን ወደ በሩ መራመድ ጀምራ ነበር።

ኃላፊዋ አምሳ ዓመት የዘለላት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ "መነጽሬን ማን ወሰደው?" የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልቀለደችም። የተባለውን ሁሉ ሰምታ፣ ሁለት ባለሙያዎች ጠርታ ኬብሉን ወዲያው እንዲቀይሩት ላከች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች።

"በነዚያ ሦስት ሰከንዶች የስንት ሰው ሥራ እንደተቋረጠ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔም ገና አላውቅም። ስለዚህ ያንቺ ጉዳይ ነገ አይወሰንም። እስከ ሰኞ ሪፖርት ጽፈሽ አምጪ።"

ዓርብ ለሦስቱ የቅጥር ደብዳቤ ተሰጣቸው። ሁለቱ በምስክር ወረቀት ተሰናበቱ። አንድ ክፍት ቦታ ቀረ፤ እሷም እንደተንጠለጠለች ቀረች። ተሰናብተው የወጡት ሁለቱ ልጆች በሩ ላይ "በርቺ መርፌ" ብለው አቀፏት።

ማታ ለባሏ ነገረችው። "ምን አስቸኮለሽ? አንድ ቀን ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?" አለ ብስጭት ብሎ። ልጁን እንዳቀፈች ወረቀትና ብዕር አወጣች። ተነሳና ትንሹን ልጅ ከእቅፏ ተቀበላት። "በይ፣ እኔ አስተኛቸዋለሁ። አንቺ ጻፊ።"

ሪፖርቱ ማን አጠፋ ብሎ አይጠይቅም። "ስህተቱ እንዲፈጠር ምን አመቻቸ?" ነው የሚለው። መጀመሪያ የጻፈችው ከዳር እስከ ዳር ይቅርታ ሆነ፤ ቀደደችው። ሁለተኛው ላይ የማታውቀውን ቃል ሁሉ ከደብተሯ ሰብስባ ደረደረች፤ ራሷ መልሳ ብታነበው አልገባት አለ። በሦስተኛው፣ እጅጌው ለምን እንደተዛባ ለደንበኛ እንደምታስረዳ አድርጋ ጻፈችው። "እኔ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ነኝ። ያየሁትን ነገር መገልበጥ ልማዴ ነው። ሥዕሉ ግን ከየት ሆኖ እንደታየ አይናገርም። ስለዚህ የተገለበጠውን መልሼ ገለበጥኩት።" እዚህ ላይ ብዕሯ ቆመ። የሚቀጥለው የአሠልጣኟ ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት በሩ ላይ ጠበቀችው። "አንተም አለህበት፤ ካነበብክ በኋላ ቀና ብለህ አላየህም። ሳልነግርህ አልጽፈውም ብዬ ነው።"

ወጣቱ አኮረፈ። "እኔኮ ለእርስዎ ብዬ ነው ዝም እንበል ያልኩት።"

"አውቃለሁ። ለኔ ብለህ ነው፣ አልረሳውም። ግን ግማሹን ብቻ ከጻፍኩት ነገ ሌላ ሰው ይሳሳታል።"

ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ "አምጡት" አለ። ያን መስመር በገዛ እጁ ጻፈው፤ ፈረመበትም።

ሪፖርቱ በክፍሉ ስብሰባ ላይ ተነበበ። የተቋረጠው ሥራ ቀላል ሆኖ ተገኝቶ ነበር። አንድ ጢማም ነባር ቴክኒሻን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ "እህ! ስፌትና ሰርቨርን ምን አገናኛቸው?" አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ኃላፊዋ ከመሳቢያዋ የሥዕሎች ክምር አወጣችና አንዱን ከፊቱ አስቀመጠችለት።

"አንተ ነባር ነህ። ይሄ ከፊት ነው ከጀርባ የታየው?"

"ከፊት ነዋ!" አለ አፉን ሞልቶ።

"ከጀርባ ነው።"

ሳቁ አሁን ዞረ። ሌላ ሥዕል አወጣች፤ ሌላ ሰው ተሳሳተ። ስልሳ ሁለት ሥዕል ነበር፤ አንዳንዱ ከፊት፣ አንዳንዱ ከጀርባ የተሳለ፤ ከየት እንደታየ የሚናገር ግን አንድም የለም። ጢማሙ ሰውዬ ጢሙን እያሻሸ "እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም አንድ ጊዜ..." ብሎ ጀመረና የሁሉም ዓይን ሲያርፍበት ተወው።

በዚያው ሳምንት ስልሳ ሁለቱም ሥዕሎች ላይ አንድ በአንድ "ከፊት" ወይም "ከጀርባ" ተብሎ በደማቁ ተጻፈ። ሕጉም ተሻሻለ፤ አንባቢው ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ የባልደረባው ጣት ያረፈበትን ሳያይ "ንቀል" አይልም።

በቀጣዩ ሐሙስ ኃላፊዋ አስጠራቻትና አንድ ፖስታ ሰጠቻት። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ሽልማት እንዳይመስልሽ" አለች ኃላፊዋ። "ስህተቱ በመዝገብሽ ላይ ይኖራል። ነገር ግን እንዴት እንደተሳሳተች እንዲህ አብራርታ መናገር የምትችል ሰው ማሽኖቼ አጠገብ እንድትቆም እፈልጋለሁ። ጥያቄ አለሽ?"

"የጠዋቱ ፈረቃ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ነው? የልጄ ትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚከፈተው።"

ኬብሉ ከተነቀለ ወዲህ ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ሁለት ሰዓት። ትደርሺያለሽ።"

ወደ ግቢው ወጥታ መጀመሪያ የደወለችው ቀን ቀን ትንሹን ልጅ ለምትይዝላት ለአማቷ ነው። ስልኩ ውስጥ ልጁ ይንጫጫል።

"እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ተቀጠርኩ!"

"ተቀጠርኩ?" አሉ አማቷ፣ ግራ ተጋብተው። "ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ልጁን ጥለሽልኝ ጠዋት ጠዋት የት ነበር የምትሄጂው?"