የታከለ ርግቦች

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ፍኖተ ሰላም ላይ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ቢፈለግ የሚጠራው ታከለ ነበር። ያን ጊዜ መቼም ሠርገኛው ሁሉ ርግብ ይወድ ነበር፤ ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሲስሙ ከላይ ነጫጭ ርግቦች ካልበረሩ ፊልሙ ፊልም አይባልም። ታከለ ርግቦቹን በኮምፒውተር ይሠራና በረራቸውን እንደ ፎቶግራፍ አንድ በአንድ አውጥቶ በሠርጉ ምስል ላይ ይደርባቸዋል። ፎቶግራፎቹን ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲያወጣቸው ከርግቡ ውጭ ያለው ባዶ እንደ መስተዋት ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ ግን የዲስኩን ቦታ ይበላል። ጄፔግ የሚባለው ደግሞ ቀላል ነው፤ ባዶውን ግን በጥቁር ይደፍነዋል።

የባንቺአየሁን ሠርግ ሲያዘጋጅ ዲስኩ ሞላበት። በፒኤንጂ ሠርቶ የወደደውን አጠፋና በጄፔግ ደግሞ አወጣው። "ያው ርግብ ነው" ብሎ ዞር ብሎ ሳያየው ገልብጦ ላከ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉ የለ!

የሙሽራዋ አባት አያ ገብረ ሕይወት በዚያው ክረምት አረፉ። ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ አቻምየለሽ የባላቸውን መልክ ገና ባልታየው የሠርግ ፊልም እንደገና ለማየት ጓጉተው፣ ዘመዱን ከገጠር ሰብስበው ቡሬ ልጃቸው ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ታከለንም አክብረው ጠሩት።

በፊልሙ ላይ ሙሽራዋ ተንበረከከች። አያ ገብረ ሕይወት "ውለዱ፣ ክበዱ" ማለት ሲጀምሩ ጥቁር ሣጥን ከላይ ወርዶ ፊታቸውን ሸፈነው። ርግቦቹ በውስጡ ይበራሉ።

"ኧረ ይኼ ምንድን ነው?" አለ የሟች ወንድም።

"ርግብ ነው አሉ" አለ አንዱ ዘመድ።

"ርግቡስ ታየ። ወንድሜን ግን ሁለተኛ ቀበረብኝ!"

"መብራት ነው... ስሠራው እየተቆራረጠ አበላሸብኝ" አለ ታከለ።

"አይ መብራት! ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ?" አሉ እትዬ አቻምየለሽ። "በሉ፣ ጠላውን ጨምሩለት እንጂ።"

ታከለ የተጨመረለትን ጠላ አስቀምጦ ተነሣ።

ደግነቱ ሠርጉ የተቀረጸበት ካሴት ገና አልተደመሰሰም። ታከለ ሌላውን ሥራውን ከዲስኩ ላይ ጠርጎ ርግቦቹን በፒኤንጂ አወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር አየና ራሱ ቡሬ ይዞ ሄደ። እትዬ አቻምየለሽ ብቻቸውን ነበሩ። ርግቦቹ ሲያልፉ የባላቸው ፊት ጥርት ብሎ ታየ። ተነሥተው የቴሌቪዥኑን መስተዋት በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

"እትዬ፣ መብራት አልነበረም፤ እኔ ነኝ" አለ ታከለ።

"አውቄያለሁ፣ የኔ ልጅ። ስትናገር ዓይንህ መሬት መሬት ይላል። ታዲያ ሰው ፊት ምን ልበልህ?"

ከወንድምየው ቁጣ ይልቅ ይኸ አቃጠለው።

"እስቲ ድገምልኝ" አሉት።

ደገመላቸው። አያ ገብረ ሕይወት ሲመርቁ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።